ሳይናገሩ የተተወ ዜግነት

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሪያድ ሲገቡ ሥልጣን ከያዙ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር። ስለ እስረኞች ይዘውት የሄዱት ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው በሳዑዲ ዓረቢያ እስር ቤቶች ያሉ ኢትዮጵያውያንን ይመለከታል፤ 1,000 ያህል ሰዎች እንዲፈቱ ስምምነት ተደረሰ፣ 100 ያህሉም ሴቶች ነበሩ። ሁለተኛው የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሳዑዲ የፀረ ሙስና ዘመቻ ባለችው እርምጃ፣ ከልዑላንና ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ተይዘው ነበር። ስለ 1,000ዎቹ እዚያው ጉብኝቱ ላይ መልስ ተገኘ። ሼሁ የተፈቱት ግን ስምንት ወር ቆይቶ፣ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች የለያቸው የሰዎቹ ሀብትና ዝና ብቻ አይደለም። ስለ 1,000ዎቹ ኢትዮጵያ የምትናገረው በመብት ነው። እ.ኤ.አ. የ1963 የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንድ መንግሥት በሌላ አገር የታሰረ ዜጋውን እንዲጎበኝ፣ እንዲያነጋግር፣ ጠበቃ እንዲያቆምለት ይፈቅዳል። ስለ ሼሁ ግን መናገር የምትችለው በወዳጅነት ብቻ ነበር። በሕግ ዓይን ጉዳዩ የሳዑዲ መንግሥትና የአንድ ሳዑዲያዊ ጉዳይ ነው።

ሳዑዲያዊው ደግሞ የወሎ ልጅ ናቸው። አባታቸው ከየመን ሐድረመውት የመጡ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት፤ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ወልድያ ነው። በሥራ ላይ የነበረው የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር፤ ለዘመኑ ለጋስ የሆነ ድንጋጌ ነው። ሼሁ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ሳዑዲ ተሻገሩ፣ ኋላም የዚያን አገር ዜግነት ያዙ። በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልድያ ስታዲየም በእርሳቸው ገንዘብ ተሠርቶ በእርሳቸው ስም ይጠራል። ከወልድያ እስከ ደሴ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ «የእኛ ሰው ናቸው» ሲባል የሚጠራጠር የለም። የሚጠራጠረው ወረቀቱ ነው።

የወረቀቱ ነገር ደሴና ኮምቦልቻን ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ይልቅ ይነካቸዋል። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የሚያያቸው አዳዲስ ቤቶች ብዙዎቹ ከባሕር ማዶ በመጣ ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ገንዘቡ ግን ከአንድ ዓይነት ስደት አልመጣም። ሁለቱ ስደቶች ከፓስፖርት ጋር ያላቸው ዝምድና ፍጹም ተቃራኒ ነው።

የመጀመሪያው የዓረብ አገር መንገድ ነው። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ፣ ከሐርቡና ከደጋን የተነሱ ወጣቶች ግማሾቹ በሕጋዊ ውል በአውሮፕላን፣ ግማሾቹ በጅቡቲ ኦቦክ በኩል ባሕር አቋርጠው በየመን አሸዋ ሳዑዲ ይገባሉ። እነዚህ ሰዎች የቱንም ያህል ዓመት ቢሠሩ የሳዑዲ፣ የኩዌት ወይም የኤምሬትስ ዜግነት ይሰጠናል ብለው አያስቡም። ያላቸው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ነው። እርሱም ብዙውን ጊዜ በእጃቸው አይደለም፤ አሠሪው ካፊል ወይም የቤቱ እመቤት፣ ማዳሟ፣ ቆልፈውበታል። ከአሠሪው ቤት አምልጦ የወጣ ሠራተኛ አገሩ ሲመለስ የሚይዘው ፓስፖርቱን ሳይሆን ቆንስላው የሚጽፍለትን የይለፍ ወረቀት፣ ሊሴ ፓሴ፣ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ቦሌ ከወረዱት መካከል በዚያች አንዲት ወረቀት የመጡ ብዙ ነበሩ። ለእነዚህ የወሎ ልጆች የኢትዮጵያ ዜግነት ከባድም ቀላልም ይሁን አንድ ነው፤ ሌላ የላቸውም፤ የሚጥሉበትም ምክንያት የለም።

ሁለተኛው የምዕራቡ መንገድ ነው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል የወጡ፣ በኋላ ዲቪ የደረሳቸው፣ ለትምህርት ሄደው የቀሩ፣ በትዳር የተሻገሩ። እነዚህ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ቀን አዳራሽ ውስጥ ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ። የአሜሪካ መሐላ ለውጭ መንግሥትና ገዥ የነበረን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ መተውን በግልጽ ያስምላል። ሰው ያን ቃል ሲል ሆዱ ይባባል፤ የደሴ ብርድ፣ የጦሳ ተራራ፣ እናት ይታወሱታል። ሆኖም ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ አሮጌ ፓስፖርቱን ማንም አይቀበለውም። ዋሽንግተን በተግባር የቀድሞውን ዜግነት ተው ብላ ወረቀት አትጠይቅም። ዜጋዋ የሌላ አገር ዜግነት ደርቦ ቢይዝም አትቀጣውም።

የሚተወው በአዲስ አበባ ሕግ ነው።

ታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በአንቀጽ 20 ያስቀመጠው ነገር አጭር ነው፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በገዛ ፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። የ1922ቱም ሕግ መንፈሱ ይኸው ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም ይላል። አዋጁ ይህን ከባድ ቃል የሚያልፈው «ይቆጠራል» በምትል ቃል ነው። ሰውየው ዜግነቴን ትቻለሁ ብሎ አልጻፈም፣ አልፈረመም፣ ማንም አልጠየቀውም። እንደተናገረ ተቆጠረለት እንጂ አልተናገረም። ሕገ መንግሥቱ የጠበቀው ፈቃድ የሰውየው ፈቃድ ነው፤ አዋጁ የተጠቀመበት ደግሞ ስለ ሰውየው የተገመተ ፈቃድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በፍርድ ቤት ተፈትሾ ቢሆን ኖሮ ለአገርም ለዜጋም በጠቀመ ነበር።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው የደሴን የአባት ቤት ያስብ። ቧንቧ ውሃ ወይም ፒያሳ አካባቢ አባት በዘመናቸው የሠሩት የጭቃም ሆነ የግንብ ቤት አለ። አባት ሲያርፉ ልጆች ይወርሳሉ፤ አንዷ ልጅ ሜሪላንድ ናት፣ አሜሪካዊት ሆናለች። እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ የዚህች ልጅ ዕጣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 390 ጀምሮ የተጻፈው ነበር፤ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን አይችልም፣ በቅን ልቦና ያገኘም ቢሆን በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል። የተወለደችበት ቤት ማለት ነው። ሰዎች ይህን ሲሸሹ የሠሩት ዘዴ ዛሬም በየቤተሰቡ ቁስል ጥሎ አልፏል፤ ቤቱ በወንድም ስም ዞረ፣ ወንድም አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ካርታው በስሙ ነው፤ እኅት ከሃያ ዓመት በኋላ ስትመጣ ቃል እንጂ ሰነድ የላትም። እኅትና ወንድምን ፍርድ ቤት ካቆሙት ጉዳዮች ውስጥ እንዲህ ያለው የሕግ ክፍተት የወለደው ብዙ ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሕጉ እውነቱን በወረቀት እንዳይጽፉ ስለከለከላቸው በእምነት ብቻ ተያዙ፣ እምነት ደግሞ ሞትንና ውርስን አይሻገርም።

በጥር 1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለዚህ የመጣ መድኃኒት ነው፤ ሕዝቡ በቀለሙ «ቢጫ ካርድ» የሚለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የወለደው እርሱ ነው። መመስገን ያለበት ሥራ ነው። ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ፣ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ ይኖራል፣ ይሠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል፣ ቤትም በስሙ ይይዛል። የደሴዋ ልጅ የአባቷን ቤት በስሟ ለመያዝ የቻለችው በዚህ አዋጅ ነው። ካርዱ የማይሰጠው ነገርም በግልጽ ተጽፏል፤ መምረጥና መመረጥ የለም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታ፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል የፖለቲካ ተቋማት መቀጠር የለም።

ካርዱን ለማውጣት ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ዋነኛው ምን እንደሆነ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። በአንቀጽ 20 መሠረት ባለቤቱ መሐላ በፈጸመባት ቀን ለጉዞ የሞተው ያ ደብተር፣ ኢትዮጵያዊ ነበርኩ ለማለት ሲሆን እንደገና ነፍስ ይዘራል። በየቤቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከአሮጌ ፎቶግራፎችና ከክርስትና ወይም ከኒካሕ ወረቀት ጋር ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ስለ ትዝታው ብቻ አይደለም። ሰው የጣለውን ዕቃ እንዲህ አያስቀምጥም።

የተሰጠ መብት ግን በአዋጅ እንደመጣ በመመሪያ ሊሄድ ይችላል። ቢጫ ካርድ «እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት» ይላል፤ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህን ይዘው፣ አንዳንዶቹም ኢትዮጵያዊ በነበሩ ጊዜ ገዝተው፣ የግል ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ባለአክሲዮን ሆኑ። የባንክ ሥራ አዋጁ ደግሞ ዘርፉ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነው ይል ነበርና በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ አዘዘ። ያውም አክሲዮኑ ከተገዛበት ዋጋ በላይ ያወጣው ትርፍ ለእነርሱ እንዳይሆን ተደርጎ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተሻሻለው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1159 በሩን መልሶ ከፈተላቸው። ስሕተቱ መታረሙ መልካም ነው። ነገር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ውጡና ግቡ የተባለ ሰው፣ ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ከማቆሙ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰቡ አያስወቅሰውም። ዜጋ ቢሆን ኖሮ ማንም «ልቀቅ» አይለውም ነበር። በመብትና በፈቃድ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ፈቃድ የሰጠ መልሶ ይወስዳል።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ የታየው ሌላ ነገር ነው። በጥቅምት መጨረሻ ከተማዋም ኮምቦልቻም በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ የመንግሥት ወገን ኅዳር 27 ቀን እስኪመልሳቸው ድረስ ሕዝቡ ያን ሁሉ ሳምንት በጭንቅ አሳለፈ። የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ባዶውን ቀረ፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና መጋዘኖችም እንዲሁ። በውጭ ያሉ የወሎ ልጆች ስልክ በተቋረጠባቸው በእነዚያ ሌሊቶች አልተኙም። ከዚያ በኋላ የሕክምና ዕቃ ሰብስበው የላኩት፣ በዚያው ዓመት በገና «ታላቁ ወደ አገር ቤት ጉዞ» ተብሎ ጥሪ ሲደረግ የመጡት፣ የፈረሰውን አይተው ያለቀሱት ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አልነበራቸውም። መንግሥት ጥሪውን ያቀረበው ለኢትዮጵያውያንና ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም በአንቀጽ 20 አልለያቸውም። በመከራ ጊዜ ወንድም፣ በምርጫ ጊዜ ባዕድ የሚሆን ሰው ምን እንደሚሰማው ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የምርጫው ነገር ሲነሣ የ2012 ዓ.ም. የአቶ ጃዋር መሐመድ ጉዳይ አለ። ከአሜሪካ ተመልሰው የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ አባል ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ፓርቲውን ስለ ዜግነታቸው ማስረጃ ጠየቀ፤ እርሳቸው የአሜሪካን ዜግነት መልሰው የኢትዮጵያን እንደያዙ ገለጹ። የፖለቲካ አቋማቸውን የሚወድም የማይወድም፣ ክርክሩ የገለጠውን ነገር ማየት ይችላል። የአዋጁ አንቀጽ 22 መመለሻውን ያስቀምጣል፤ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መኖር፣ የውጭውን ዜግነት መተው፣ ከዚያም ለኢሚግሬሽን ማመልከት። መውጫው ያለ ማመልከቻ ነው፣ መመለሻው ግን ማመልከቻ አለው። ሲወጡ ዝም በማለት የሚያልቅ ነገር፣ ሲመለሱ በሦስት ቅድመ ሁኔታ የታጠረ ነው። ስንት ሰው ይህን መንገድ ጀምሮ መሀል ላይ አገር አልባ ሆኖ እንዳይቀር ፈርቶ እንደተወው ማሰብ ቀላል ነው። ጡረታውንና የልጆቹን አገር ትቶ፣ መልሱ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ የሚገባበት ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ሁሉ ጥብቅነት ሥር ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ከአየር የመጣ አይደለም። ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የአሰብ መንገድ በባቲ በኩል መጥቶ ከአዲስ አበባ መንገድ ጋር የሚገናኘው ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ሹፌሩ፣ መካኒኩ፣ ነጋዴው ከኤርትራ ሰው ጋር ተጋብቶ ተዋልዷል። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡ የኢትዮጵያ ነዋሪዎች፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር ኤርትራዊ ዜግነት ወስዳችኋል ተባሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደገመተው 75,000 ያህል ሰዎች ከአገር ወጡ፤ ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለያየ። የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ እነዚህን ሰዎች በተግባር የሁለት አገር ዜጎች ናቸው ብሎ አያቸው፤ በኢትዮጵያ የቀሩትንና በሦስተኛ አገር የነበሩትን ኢትዮጵያዊ ዜግነት መንሣቱም የዘፈቀደ ድርጊት መሆኑን ወሰነ። በጦርነት ጊዜ መንግሥት ስለ ጸጥታ መሥጋቱን ኮሚሽኑ አልካደም። ያልተቀበለው ሰውን ሳይጠይቁ፣ ሳያሰሙ፣ ከመዝገብ መሰረዙን ነው። ቢጫ ካርድም እስከ ዛሬ የኤርትራን ዜግነት ለያዙት አልተፈቀደም።

የሁለት አገር ዜግነት ታማኝነትን ይከፍላል የሚለው ክርክር እንግዲህ በዚህ ታሪክ ላይ የቆመ ነው፤ ንቆ ማለፍ አይገባም። ባለሥልጣን ሆኖ ነገር ሲከፋ ሌላውን ፓስፖርት አውጥቶ የሚሄድ ሰው ለአገር አደጋ ነው። ግን ይህን ችግር ለመፍታት ሕዝብን ሁሉ ከዜግነት ማስወጣት አያስፈልግም። ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ለዜጎቿ ሁለት ዜግነት ፈቅዳ፣ ለከፍተኛ የመንግሥት ሹማምንትና ለመከላከያ አባላት ግን ከለከለች። በር ለሰፊው ሕዝብ ተከፈተ፣ ቁልፍ ያለባቸው ክፍሎች ተዘጉ። ጀርመን ለረጅም ዘመን አዲስ ዜጋ የቀድሞውን ዜግነቱን መልቀቁን የሚያሳይ ወረቀት እንዲያመጣ ትጠይቅ ነበር፤ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ተወችው። ፍራንክፈርት ያለ ደሴዬ ዛሬ ጀርመናዊ ሲሆን ጀርመን ኢትዮጵያዊነትህን ጣል አትለውም። ጣል የምትለው ኢትዮጵያ ብቻ ናት።

ሌላም ክርክር ነበር፤ የውጭ ገንዘብ አገሩን ይወርሰዋል የሚል። ይህ ግን በራሱ በመንግሥት እጅ ፈርሷል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ አጸደቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ የውጭ ዜጎች በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ የቤት ባለቤት እንዲሆኑ ፈቀደ፤ መነሻው 150,000 ዶላር ነው። ከአሁን በኋላ ደሴን በካርታ ላይ እንኳ አይቶ የማያውቅ ባለገንዘብ ከዚህ አገር ቤት ሊገዛ ይችላል። ይህ መሆኑ ክፉ አይደለም። ግን አገሩን ለማያውቀው በገንዘቡ ሚዛን በር ሲከፈት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አድጋ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረች ሴት በልደቷ መብት መግባት ካልቻለች፣ የሕጉ ሚዛን አንድ ቦታ ላይ ተዛብቷል።

ምን ይደረግ? ብዙ አይደለም። ዜግነት በግምት መጥፋቱ ይቅር፤ መተው የፈለገ ሰው ፈርሞ ይተው፣ ያልፈረመ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይቀጥል። ሚኒስትርነት፣ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና የጸጥታ ሥራ አንድ ዜግነት ብቻ ላለው ይጠበቅ። የቀድሞ ዜግነታቸውን መመለስ የሚፈልጉ አዛውንቶች ደግሞ ሌላውን ትተው በባዶ ሜዳ እንዳይቆሙ፣ ውሳኔው ቀድሞ ይሰጣቸው። ኢሚግሬሽን ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ዓረብ አገር የሚሄደው ወጣት ፓስፖርት ለማውጣት በሚሰለፍበት በዚያው ግቢ፣ ከዓርባ ዓመት በኋላ የመጣ ሽማግሌም የራሱን ጉዳይ ማመልከት መቻል አለበት። ሁለቱ በአንድ ሰልፍ ላይ ቢቆሙ ብዙ የሚነጋገሩት ይኖራቸዋል፤ አንዱ ይዞት ሊሄድ የሚጨነቅበትን ደብተር ሌላው ሊያስመልሰው ይጨነቃል።

ከሁሉ አስቸኳዩ ግን የልጆች ነገር ነው፤ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ እዚያ የተወለደን ልጅ አሜሪካዊ ያደርገዋል። ወላጆቿ ገና ኢትዮጵያውያን እያሉ ሲያትል ወይም ሚኒያፖሊስ የተወለደች የደሴዎች ልጅ በሁለቱም አገር ሕግ የሁለቱም ናት፤ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። አዋጅ 378 ግን ልጅቷ 18 ዓመት ከሞላት በኋላ አንድ ዓመት ይሰጣታል። በዚያች ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትታ ኢትዮጵያዊነቴን መርጫለሁ ብላ ለኢሚግሬሽን ካላሳወቀች፣ በፈቃዷ እንደተወችው ይቆጠራል። ያች ዓመት ሁለተኛ ደረጃ የምትጨርስባት፣ ኮሌጅ የምትገባባት ዓመት ናት። በልጅነቷ ክረምት ክረምት ደሴ እየመጣች ከአያቷ ጋር ሐይቅ የወረደች፣ አማርኛዋ በወሎኛ ቅላጼ የሚወርድ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ከኤምባሲም ከቆንስላም ደብዳቤ አይመጣላትም፤ ስልክ የሚደውል የለም። 19ኛ ልደቷን ከጓደኞቿ ጋር ኬክ ቆርሳ ታከብራለች፣ ማታ ለአያቷ ደውላ ትመረቃለች፣ አያቷም «የእኔ ልጅ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ይሏታል።